ትንንሽ ቀይ ነጥቦች (ሥነ ፈለክ)

ትንንሽ ቀይ ነጥቦች በዩኒቨርስ መጀመሪያ ዘመን የነበሩ፣ እጅግ የታመቁና ቀልተው የሚታዩ የህዋ አካላት ናቸው። አብዛኞቹ የታዩት ከቢግ ባንግ (ታላቁ ፍንዳታ) በኋላ ከ600 ሚሊዮን እስከ 1.5 ቢሊዮን ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። የእኛ ጋላክሲ ፍኖተ ሐሊብ 100,000 የብርሃን ዓመት ያህል ሲሰፋ፣ ብዙዎቹ ነጥቦች 2,000 እንኳን አይሞሉም። ምንነታቸው ገና አከራካሪ ነው።

አገኛኘት

የተገኙት ታኅሣሥ 16 ቀን 2014 ዓ.ም. (ዲሴምበር 25፣ 2021 እ.ኤ.አ.) በመጠቀው የጄምስ ዌብ ቴሌስኮፕ ነው። በ2023 እ.ኤ.አ. ኢቮ ላቤና ባልደረቦቹ ስድስት ቀያይ ጋላክሲዎችን ይፋ አደረጉ። ብርሃኑ የከዋክብት ብቻ ከሆነ፣ እያንዳንዳቸው ከ10 ቢሊዮን ፀሐዮች የሚበልጥ ክብደት ይኖራቸዋል። ይህን ያህል ኮከብ በዚያ አጭር ጊዜ እንዴት እንደተፈጠረ ማስረዳት ደግሞ ለነባሩ ንድፈ ሐሳብ ከባድ ነው።

ለምን ቀሉ?

ዩኒቨርስ ሲሰፋ በውስጡ የሚጓዘው ብርሃን ሞገዱ ይረዝማል። ለምሳሌ 656 ናኖሜትር የሆነው የሃይድሮጅን ቀይ ብርሃን ሰባት እጥፍ ሲለጠጥ 4.6 ማይክሮሜትር ይሆናል። ይህ ዓይናችን የማያየው ኢንፍራሬድ (ታህተ ቀይ) ነው። የነጥቦቹ መቅላት ግን በዚህ ብቻ አይብራራም፤ ልጠጣው ተቀንሶ ሲሰላም ቀይ ናቸው። በሌላ በኩል ከአልትራቫዮሌት በኩል ያለው ብርሃናቸው ሰማያዊ ያደላል። ስለዚህም አቧራ ነው ወይስ ጥቅጥቅ ያለ ጋዝ የሚለው ጥያቄ ተነሣ።

ከዋክብት ወይስ ጥቁር ጉድጓድ?

በብዙዎቹ ውስጥ ሃይድሮጅን በሰከንድ ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ እንደሚፈጥን ታውቋል። ይህ ጋዝ የሚውጥ ግዙፍ ጥቁር ጉድጓድ ምልክት ነው። ሆኖም እንዲህ ያሉ ጉድጓዶች የሚታወቁበት የኤክስ ጨረር በአብዛኞቹ አልተገኘም። አንዱ መላምት ጉድጓዱ በወፍራም ጋዝ ተሸፍኗል ይላል፤ ጋዙ ኤክስ ጨረሩን ያስቀራል፣ ብርሃኑንም ያቀላል። ይህ እውነት ከሆነ የከዋክብቱ ክብደት ከተገመተው ያንሳል። በምትኩ ጉድጓዱ እንዴት ቶሎ ገዘፈ የሚለው ጥያቄ ይቀራል።

ከላስታ ሰማይ

የጥንቶቹን ነጥቦች ከምድር ማጥናት ከባድ ነው፤ በአየር ውስጥ ያለው የውሃ ተን ኢንፍራሬዱን ይውጣል፣ ሞቃቱ ከባቢ አየርም ራሱ ያመነጫል። ተኑ በከፍታ ቦታ ይቀንሳል። በእንጦጦ፣ 3,200 ሜትር ገደማ ላይ፣ ባለ 1 ሜትር መስታወት ሁለት ቴሌስኮፖች አሉ። ለሚበልጥ ጣቢያ ደግሞ በላሊበላ ዙሪያ ያሉ ተራሮች ታስበዋል፤ በላስታ የአቡነ ዮሴፍ ተራራ ከ4,200 ሜትር ይበልጣል።

ተመሳሳይ አካላት በቅርብም በጥቂቱ ተገኝተዋል። «እንቁላል» የተባለው ጄ1025+1402 ብርሃኑ ወደ እኛ ለመድረስ 1.3 ቢሊዮን ዓመት ያህል ፈጅቶበታል። የሚገኘው በአሰድ (ሊዮ) ኅብረ ኮከብ፣ ከሰማይ ወገብ 14 ዲግሪ ወደ ሰሜን ነው። ላሊበላ 12 ዲግሪ ሰሜን ላይ ስለሆነች አካሉ በከተማዋ አናት አጠገብ ያልፋል። ለዓይን ባይታይም፣ እንዲህ ያለውን ከምድር በቴሌስኮፕ መከታተል ይቻላል። የሩቆቹን እንቆቅልሽ ለመፍታትም ማነጻጸሪያ ይሆናል።