ፓይታጎረስ በእናቴ ጓሮ

ፊዚክስ የሚለው ቃል ሲነሣ በብዙዎቻችን አእምሮ ቶሎ የሚመጣው ነጭ ገዋን የለበሰ ተመራማሪና ውድ መሣሪያ የሞላበት ክፍል ነው። እኔም በባሕር ማዶ የዶክትሬት ትምህርቴን በምከታተልበት ጊዜ ከዚህ የተለየ ሐሳብ አልነበረኝም። ይህን ሐሳቤን ያናጋው ከቦንጋ ወደ ሚዛን በሚወስደው መንገድ ላይ በምትገኘው በሺሺንዳ፣ በእናቴ ቤት ጓሮ ከቤተሰቤ ጋር የሠራነው 3 ሜትር በ4 ሜትር የሆነ የጭቃ ወርክሾፕ ነው።

ታናሽ ወንድሜ ሬዲዮና ሞባይል የሚጠግነው በረንዳ ላይ በተዘረጋ ጠረጴዛ ስለነበር፣ ዝናብ በመጣ ቁጥር ሥራው ይቋረጥ ነበር። የ9ኛና የ11ኛ ክፍል ተማሪዎች የሆኑት የእኅቴ ልጆችም በመጽሐፍ ያነበቡትን በእጃቸው የሚሞክሩበት ቦታ አልነበራቸውም። ስለዚህ ዝናቡ ጋብ በሚልበት በጥር ወር የሴሚስተር ዕረፍቴን ይዤ ወደ ሺሺንዳ ሄድኩ። ቋሚውና ማገሩ ከራሳችን ባሕር ዛፍ ተቆረጠ። የከፋ ደን እ.ኤ.አ. በ2010 በዩኔስኮ በባዮስፌር ሪዘርቭነት የተመዘገበ ሀብት ነውና ከተፈጥሮ ደኑ አንድም እንጨት አልነካንም።

ገመድና ማዕዘን

የመጀመሪያው ተግባር የቤቱን አራት ማዕዘናት ማስተካከል ነበር። ካስማዎቹን ተክለን ጎኖቹን ለካን፤ ትይዩ የሆኑት ጎኖች ሁሉ እኩል ነበሩ። እኔ ሥራው አለቀ ስል፣ ትምህርት ቤት ደጃፍ ያልረገጡት አጎቴ ገመዳቸውን አንሥተው ከማዕዘን እስከ ማዕዘን በሰያፍ ለኩ። «ሁለቱ ሰያፎች እኩል ካልሆኑ ቤቱ ጠማማ ነው» አሉን። ልዩነቱ 7 ሳንቲ ሜትር ሆኖ ተገኘ።

አጎቴ ትክክል ነበሩ። ትይዩ ጎኖቹ እኩል የሆኑ ቅርጽ ሁሉ ሬክታንግል አይደለም፤ ሰያፎቹም እኩል ሲሆኑ ብቻ ማዕዘኖቹ 90 ዲግሪ ይሆናሉ። ሰያፉ ስንት መሆን እንዳለበት የነገረን ደግሞ የ9ኛ ክፍሉ ተማሪ ነው። የ3 ካሬ 9፣ የ4 ካሬ 16፣ ድምሩ 25 ነውና ሰያፉ በትክክል 5 ሜትር መሆን አለበት። ካስማዎቹን አንቀሳቅሰን 5 ሜትር ላይ አቆምናቸው። የአጎቴ ገመድና የፓይታጎረስ ቴዎረም በአንድ ነጥብ ተገናኙ።

የወለሉን ልክ ያገኘነው ውሃ በሞላበት ብርሃን አስተላላፊ ቱቦ ነው። ቱቦው እንደፈለገ ቢጠማዘዝ፣ ሁለቱ ጫፎች ለአየር ክፍት እስከሆኑና በመካከል የአየር አረፋ እስከሌለ ድረስ ውሃው በሁለቱም ጫፍ በአንድ ከፍታ ላይ ይቆማል። የፈሳሽ ግፊት የሚወሰነው በጥልቀት እንጂ በቱቦው ቅርጽ አይደለምና።

የእኔ ግድግዳ

ከፍተኛውን ትምህርት ያገኘሁት ግን ከምርጊቱ ነው። እናቴ ጭቃው በጤፍ ጭድ ተለውሶ፣ ውሃ እየጠጣና እየተረገጠ አንድ ሳምንት መክረም አለበት አለች። እኔ ዕረፍቴ እያለቀ ስለነበር ቸኮልኩ። እሷ ግን «ልጄ፣ ጭቃም እንደ ቆጮ ነው፤ ጊዜውን ካልጠበቀ አይሆንም» አለችኝ። በመጨረሻ ሦስቱ ግድግዳዎች በእርሷ መንገድ፣ አራተኛው በእኔ መንገድ እንዲመረጉ ተስማማን። የእኔ ጭቃ ጭዱ ጥቂት፣ የቆየበትም ጊዜ አንድ ሌሊት ብቻ ነበር።

በሳምንቱ የእኔ ግድግዳ ጣት በሚያስገባ ስንጥቅ ተተረተረ። የእናቴ ሦስት ግድግዳዎች ከጥቃቅን መስመሮች በቀር ደኅና ነበሩ። በልጆቹ ፊት «ተሳስቻለሁ» ማለት ቀላል አልነበረም፤ ነገር ግን አልኩት።

ምክንያቱ ይህ ነው። በሸክላ አፈር ቅንጣቶች መካከል የገባው ውሃ ሲተን ቅንጣቶቹ ይቀራረባሉ፤ ጭቃውም ይኮማተራል። ከማገሩ ጋር የተጣበቀ ስለሆነ ግን እንደልቡ መኮማተር አይችልም፤ በውስጡ የመሳብ ኃይል ይፈጠራል። ደረቅ ጭቃ ሲጫኑት ጠንካራ፣ ሲስቡት ግን ደካማ ነው። ጭዱ ይህን የመሳብ ኃይል ይሸከማል፤ አንድ ትልቅ ስንጥቅ ከመፈጠሩ በፊትም ኃይሉን ለብዙ ጥቃቅን ስንጥቆች ያከፋፍለዋል። በኮንክሪት ውስጥ ያለው ብረትም የመሳብ ኃይልን ይሸከማል።

ማብራሪያው ያማረ ቢሆንም የ11ኛ ክፍሏ ተማሪ አልረካችም። «ግድግዳውን ያዳነው ጭዱ ነው ወይስ የቆየበት ጊዜ?» ስትል ጠየቀች። ሁለቱን በአንድ ጊዜ ስለቀየርኩ መልስ አልነበረኝም። ስለዚህ 30 ሳንቲ ሜትር ርዝመት ባለው የእንጨት ቅርጽ ሦስት ናሙና ሠራን። አንዱ ያለ ጭድና ያለ ቆይታ፣ ሁለተኛው በጭድ ግን ያለ ቆይታ፣ ሦስተኛው በጭድና በቆይታ ነበር። የመጀመሪያው 2 ሳንቲ ሜትር ያህል አጥሮ ከመካከሉ ተሰነጠቀ፤ ጭድ ያላቸው ሁለቱ አልተሰነጠቁም፤ የቆየው ደግሞ ይበልጥ የለሰለሰና እኩል የደረቀ ነበር። በአንድ ናሙና መደምደም ስለማይቻል ሙከራውን ልጆቹ እየደጋገሙት ነው። እናንተም ልትሞክሩት ትችላላችሁ፤ ወጪው አፈርና ጭድ ብቻ ነው።

የኸርሸል ቤተሰብ

ከቤተሰብ ጋር በቤት ውስጥ የተሠራ ሳይንስ ለዓለም አዲስ ነገር አይደለም። በእንግሊዝ አገር በባዝ ከተማ ይኖር የነበረው ዊልያም ኸርሸል በሙያው ሙዚቀኛ ነበር። ቤቱን ወርክሾፕ አድርጎ ከእኅቱ ከካሮላይንና ከወንድሙ ከአሌክሳንደር ጋር የቴሌስኮፕ መስታወት ከብረት ያቀልጥና ይሞርድ ነበር። አንድ ጊዜ መስታወቱን 16 ሰዓት ሳያቋርጥ ሲሞርድ እጁን ማንሣት ስላልቻለ ካሮላይን ምግቡን ታጎርሰው ነበር። እ.ኤ.አ. መጋቢት 13 ቀን 1781 በራሱ በሠራው ቴሌስኮፕ ከጓሮው ሆኖ ዩራነስ የተባለችውን ፕላኔት አገኘ።

በዚያው ዓመት ለትልቅ መስታወት ማቅለጫ የሚሆነውን ቅርጽ ያዘጋጁት ከፈረስ ፋንድያ ጋር ከተለወሰ አፈር ነበር፤ ፋንድያውን ወቅጣ የምትነፋውም ካሮላይን ነበረች። ቀልጦ የነበረው ብረት ወለሉ ላይ ፈስሶ የድንጋይ ንጣፉ በሙቀት እየፈነዳ ሲፈናጠር ሸሽተው አመለጡ። ካሮላይን በኋላ በስሟ ስምንት ኮሜቶችን አገኘች። ይህን ስተርክላት፣ የወርክሾፑን ወለል በእበት ስትለቀልቅ የነበረችው እናቴ «ታዲያ እኛም ከእነርሱ ምን እናንሳለን?» አለች።

ዝናቡ ሲመጣ

ክዳኑ ከግድግዳው በየአቅጣጫው 50 ሳንቲ ሜትር ስለሚወጣ ስፋቱ ወደ መሬት ሲታይ 4 በ5፣ ማለትም 20 ካሬ ሜትር ነው። በአንድ ካሬ ሜትር ላይ የወረደ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ 1 ሊትር ነው። ዓመታዊ ዝናቡ ከ1,500 ሚሊ ሜትር በሚበልጥበት በከፋ ይህች ትንሽ ክዳን በዓመት ከ30,000 ሊትር በላይ ውሃ ትቀበላለች ማለት ነው። ይህ ሁሉ ውሃ ከግድግዳው ሥር ቢወርድ ጭቃው አይችለውም። ስለዚህ አሸንዳ አድርገን ውሃውን ወደ በርሜል መራነው፤ ጭቃው ከመሬት እርጥበት እንዳይስብም ግድግዳውን በድንጋይ መሠረት ላይ አቆምነው።

ዛሬ ወንድሜ ዝናብ ሳይፈራ ይሠራል። ግድግዳ ያቃናንበት ቱምቢ በ1 ሜትር ክር ከጣሪያው ተንጠልጥሎ ፔንዱለም ሆኗል። ልጆቹ የ100 ውዝዋዜ ጊዜ በሞባይል ለክተው የመሬትን ስበት በሴኮንድ ካሬ 9.8 ሜትር ገደማ አግኝተዋል። ስንጥቁን ግድግዳዬን እንደገና በእናቴ ጭቃ መረግነው። ልጆቹ ግን አንድ ስንዝር ያህል ሳይደፈን እንዲቀር ለመኑኝ። በአጠገቡ ቀኑን በእርሳስ ጽፈው፣ የስንጥቁን ስፋት በየወሩ በማስመሪያ ይለካሉ።