ተዋናዩን ፍለጋ ድንበር የሚሻገር ተመልካች

የሚያደንቁትን ተዋናይ በመድረክ ላይ በአካል ለማየት ከአገር አገር መጓዝ በዓለም ታላላቅ የቴአትር ማዕከላት የተለመደ ነገር ከሆነ ቆይቷል። ተጓዡ ተመልካች ከሚያወጣው ገንዘብ ለቴአትሩ ትኬት የሚውለው አነስተኛው ክፍል ሲሆን፣ ቀሪው ለአየር መንገድ፣ ለሆቴል፣ ለምግብ ቤትና ለታክሲ የሚከፈል ነው። በመሆኑም ጉዳዩ የኪነ ጥበብ ብቻ ሳይሆን የአገልግሎት አሰጣጥና የአስተዳደር ጉዳይም ይሆናል።

ጉዞውን የሚያስገድደው የመድረክ ጥበብ ተፈጥሯዊ ባሕርይ ነው። ፊልምና የድምፅ ቅጂ ተመልካቹና አድማጩ ወዳለበት ይሄዳሉ። መድረክ ግን ከቦታው አይነቃነቅም፤ ያመለጠ ምሽትም ተመልሶ አይገኝም። ለዚህ አንጋፋው ተዋናይ ወጋየሁ ንጋቱ ጥሩ ማሳያ ነው። “ፍቅር እስከ መቃብር”ን በሬዲዮ ሲተርክ የተቀዳው ድምፁ እርሱ በ1982 ዓ.ም ካረፈ በኋላ ለተወለደው ትውልድም ደርሷል። በመድረክ ላይ የነበረው ብቃቱ ግን ከሁሉ በላይ የሚኖረው በዚያ ምሽት በአዳራሹ በተገኙት ሰዎች ትውስታ ውስጥ ነው። አድናቂው ጊዜው ሳያልፍ መገኘት አለብኝ የሚለውም ከዚህ የተነሳ ነው።

በፊልምና በቴሌቪዥን ዝናን ያተረፉ ተዋናዮች ወደ መድረክ ሲወጡ ፍላጎቱ ይበልጥ ያይላል። በ“ሃሪ ፖተር” ፊልሞች የታወቀው ዳንኤል ራድክሊፍ “ኢኩየስ” በተሰኘው ቴአትር እ.ኤ.አ በ2007 በለንደን፣ በ2008 ደግሞ በኒውዮርክ ሲተውን የፊልሙ ወዳጆች ወደ ሁለቱም ከተሞች ተጉዘዋል። “ሼርሎክ” በተባለው ተከታታይ የቴሌቪዥን ድራማ በብዙ አገሮች የታወቀው ቤኔዲክት ከምበርባችም እ.ኤ.አ በ2015 በለንደኑ ባርቢካን የሼክስፒርን “ሐምሌት” ለ12 ሳምንታት ተጫውቷል። የዚህ ቴአትር ትኬት ለሽያጭ የቀረበው ከአንድ ዓመት በፊት፣ በነሐሴ 2014 ሲሆን፣ በከተማዋ የቴአትር ታሪክ እጅግ በፍጥነት ከተሸጡት አንዱ ለመሆን በቅቷል። ከገዢዎቹም መካከል ከሌሎች አህጉራት የተነሱ ይገኙበታል።

ያው “ሐምሌት” እ.ኤ.አ ጥቅምት 15 ቀን 2015 በልዩ ልዩ አገሮች በሚገኙ ሲኒማ ቤቶች በቀጥታ ተላልፏል። ይሁን እንጂ ስርጭቱ የአዳራሹን ወንበር ዋጋ አላሳነሰውም። በስክሪን የሚያየው ሰው ካሜራው የመረጠለትን ሲመለከት፣ በአዳራሽ የተቀመጠው ግን ከተዋናዩ ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር ሆኖ አንድ አየር ይተነፍሳል። አድናቂው አውሮፕላን የሚሳፈረውም ይህን ፈልጎ ነው።

ለጉዞው መሳካት ግን ዝና ብቻውን አይበቃም። ተጓዡ ከመነሳቱ በፊት ቀኑን፣ ቦታውንና የተዋናዩን በዕለቱ መገኘት በእርግጠኝነት ማወቅ ይኖርበታል። የቪዛ ማመልከቻ፣ የዓመት ፈቃድና የአውሮፕላን ትኬት ሁሉ በእነዚህ ላይ የተመሠረቱ ናቸው።

የቀን እርግጠኝነት ምን ያህል ኃይል እንዳለው በጀርመን ባቫሪያ የምትገኘው ኦበራመርጋው የተባለች መንደር ታሳያለች። የመንደሯ ነዋሪዎች የክርስቶስን ሕማማት የሚያሳየውን ተውኔት ከ1634 ጀምሮ ሲያቀርቡ የኖሩ ሲሆን፣ ተውኔቱ በመደበኛነት የሚታየው በየአሥር ዓመቱ ነው። ተዋናዮቹ የመንደሯ ተወላጆች ወይም ቢያንስ ለ20 ዓመታት የኖሩባት ሰዎች እንጂ ስመ ጥር የፊልም ከዋክብት አይደሉም። የ2020ው ትዕይንት በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ወደ 2022 ከተሸጋገረ በኋላም እንኳ ከዓለም ዙሪያ የተነሱ ተመልካቾች ወደ መንደሯ ጎርፈዋል።

የተዋናዩን መገኘት በተመለከተ በኒውዮርክ ብሮድዌይ የሚሠራበት ልማድ ተጠቃሽ ነው። ስሙ ከቴአትሩ ርዕስ በላይ ተጽፎ የተዋወቀ ተዋናይ በዕለቱ ከቀረ፣ ተመልካቹ ገንዘቡን የማስመለስ ወይም ትኬቱን ወደ ሌላ ቀን የማዛወር መብት ያገኛል። ስለዚህ በማስታወቂያው ላይ የሠፈረው ስም ጌጥ ሳይሆን ቴአትር ቤቱ የገባው ቃል ተደርጎ ይቆጠራል።

በአገራችን ይህን ጉዳይ ለመመልከት የአዲስ አበባ ስታዲየም አካባቢ አመቺ ነው። ስታዲየሙ በጥር 1954 ዓ.ም ሦስተኛውን የአፍሪካ ዋንጫ አስተናግዷል። ከጎኑ በሚገኘው መስቀል አደባባይ ጥር 29 ቀን 1997 ዓ.ም የቦብ ማርሌይ 60ኛ የልደት በዓል በታላቅ የሙዚቃ ዝግጅት ሲከበር፣ የሚያደንቋቸውን ድምፃውያን ለማየት ከባሕር ማዶ የመጡ እንግዶች ከከተማው ሕዝብ ጋር አብረው ታድመዋል። ከስታዲየሙ የጥቂት ደቂቃዎች የእግር መንገድ ርቆ የሚገኘው ብሔራዊ ቴአትር ደግሞ በ1948 ዓ.ም “ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር” ተብሎ፣ በራስ ቢትወደድ መኮንን እንዳልካቸው “ዳዊትና ኦርዮን” የተከፈተ አንጋፋ ተቋም ነው። ከ2008 ዓ.ም ጀምሮም የቀላል ባቡሩ ሁለት መስመሮች በስታዲየም ጣቢያ ያልፋሉ።

ኢትዮጵያውያን ለሚወዱት ነገር ርቀው እንደሚጓዙም በተግባር ታይቷል። እ.ኤ.አ በ1984 የተመሠረተው በሰሜን አሜሪካ የኢትዮጵያውያን ስፖርት ፌዴሬሽን በየዓመቱ በአንድ ከተማ የእግር ኳስ ውድድርና የሙዚቃ ዝግጅት ሲያካሂድ፣ ታዳሚዎቹ ከብዙ ግዛቶችና ከሌሎች አገሮች ጭምር ይሰባሰባሉ። ከተማው ቢለዋወጥም ጊዜው በአሜሪካ የነፃነት በዓል ሰሞን መሆኑ አስቀድሞ ይታወቃል። ፈቃድ የሚጠይቀውም፣ ትኬት የሚቆርጠውም ይህንኑ ተማምኖ ነው።

በአዲስ አበባ ቴአትር ቤቶች የኖረው ልማድ ግን የተቀረጸው ለከተማው ነዋሪ ነው። አንድ ቴአትር በሳምንት አንድ የተወሰነ ቀን ይሰጠውና ተመልካች እስካለው ድረስ ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት ይታያል። ነዋሪው “ዛሬ ባይመቸኝ በሚቀጥለው ሳምንት” ማለት ይችላል። ለሁለት ሳምንታት ፈቃድ የመጣ እንግዳ ግን አንድን ቴአትር የሚያይበት ዕድል ሁለት ቀን ብቻ ነው። ከሁለቱ ቀናት አንዱ በስብሰባ ወይም በሌላ ዝግጅት ምክንያት ከታጠፈ፣ በሌላው ደግሞ የሚፈልገው ተዋናይ በሌላ ሰው ከተተካ፣ የተጓዘበትን ሳያይ ይመለሳል። የትኬት ሽያጩ ለረጅም ዘመን በአዳራሹ መስኮት ላይ የተመሠረተ ሆኖ መቆየቱም በውጭ ላለ ተመልካች እንቅፋት ነበር።

በአንጻሩ የአገራችን ቴአትር ቤቶች ሌሎች የሌላቸው ብልጫ አላቸው። በለንደንም ሆነ በኒውዮርክ ተዋናይ በአብዛኛው የሚቀጠረው ለአንድ ቴአትር ብቻ ሲሆን፣ ውሉ ሲያበቃ ይለያል። በአዲስ አበባ ግን በመንግሥት ሥር ያሉት ቴአትር ቤቶች ቋሚ ደመወዝተኛ ተዋንያን አሏቸው። ተዋናዩ በየትኛው ሳምንት በየትኛው ቴአትር እንደሚሠራ፣ መቼ ፈቃድ እንደሚወጣና መቼ ለሥራ ወደ ውጭ እንደሚሄድ አስቀድሞ ማወቅ የሚችለው ራሱ መሥሪያ ቤቱ ነው። በውጭ የሚገኙ ወገኖች ጋብዘውት ተዋናዩ ባሕር ማዶ በሚሆንበት ወቅት፣ እርሱን ብሎ አዲስ አበባ የሚገባ ተመልካች እንዳይኖር ማድረግም በአንድ የጊዜ ሰሌዳ የሚፈታ ነው።

የመግቢያውን በር በተመለከተም መሠረቱ ተጥሏል። አዋጅ ቁጥር 270/1994 ትውልደ ኢትዮጵያውያን በመታወቂያቸው ያለ ቪዛ እንዲገቡ ፈቅዷል። በ2010 ዓ.ም ደግሞ የኤሌክትሮኒክ ቪዛ አገልግሎት ለውጭ አገር ጎብኚዎች በስፋት ክፍት ሆኗል። በመስከረም በመስቀል፣ በጥር በጥምቀት ሰሞን የሚመጣውን እንግዳ ብዛት የሚመለከታቸው መሥሪያ ቤቶች በየዓመቱ ያውቁታል።

ከዚህ አኳያ የሚቀረው ሥራ አዲስ ሕንጻ ወይም ከፍተኛ በጀት የሚጠይቅ አይደለም። ለበዓላቱ ሰሞን የሚታዩ ቴአትሮች ከነዋና ተዋንያኑ ስም ቢያንስ ከሦስት ወራት በፊት ይፋ ቢደረጉ፣ ውጭ ያለ ሰው ባለበት ሆኖ ከፍሎ ወንበር መያዝ ቢችል፣ የተዋናይ ወይም የቀን ለውጥ ሲኖር ደግሞ ትኬት ለገዛው ሰው በወቅቱ ቢነገረውና ገንዘቡ ቢመለስለት መልካም ጅምር ይሆናል። የቴአትር ቤቶች፣ የባህልና የቱሪዝም መሥሪያ ቤቶች እንዲሁም ሆቴሎች አንድ የጋራ የጊዜ ሰሌዳ ይዘው ቢሠሩም እንግዳው አንዱን በር አንኳኩቶ ሁሉንም ያገኛል።

አድናቂው የመንገዱን ወጪና ድካም ለመሸከም ፈቃደኛ መሆኑ በለንደንም፣ በኦበራመርጋውም፣ በመስቀል አደባባይም ታይቷል። ከአዘጋጁ የሚጠበቀው በማስታወቂያ የወጣው ቀንና ስም በዕለቱ በመድረኩ ላይ መገኘቱን ማረጋገጥ ነው። ይህ የሚከናወነውም ተዋናዩ በሙሉ ጉልበቱ በመድረክ ላይ ሳለ ነው።