«የተሸጠ ዕቃ አይመለስም»፦ ተረቱና ሕጉ

አዲስ አበባ ውስጥ ኤሌክትሮኒክስና የቤት ዕቃ የሚሸጥባቸው ሱቆች ብትገቡ ከገንዘብ ተቀባዩ ጀርባ፣ አንዳንዴም ከደረሰኙ ግርጌ፣ ይህች ዓረፍተ ነገር አትጠፋም፦ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም፣ አይለወጥም።» በየሱቁ ከመለጠፏ የተነሣ ሕግ መስላለች። ሻጩ ሲጠቅሳት በሙሉ ልቡ ነው፤ ገዢውም ሲሰማት አንገቱን ደፍቶ ይወጣል። የተበላሸ ዕቃን በተመለከተ ግን የአገራችን ሕግ የሚለው ተቃራኒውን ነው።

ይህን እንድጽፍ ያነሣሣኝ የጎረቤቴ ፍሪጅ ነው። ዕቁብ ሲወጣላት በብሩ አዲስ ፍሪጅ ገዛች። ሁለት ሳምንት ሳይሞላው ማቀዝቀዝ አቆመ። ሞተሩ ቀንም ሌሊትም ያለ ዕረፍት ይሠራል፣ ጎኑ ሲነኩት ይግላል፣ ውስጡ ያደረ ወተት ግን ጠዋት ኮምጥጦ ይገኛል። ሱቁ ድረስ አብሬያት ሄድኩ። ሻጩ ምን እንደሆነ እንኳ አልጠየቀም። እጁን ወደ ግድግዳው ዘርግቶ «እህቴ፣ የተሸጠ ዕቃ አይመለስም፤ ጽሑፉን አላየሽውም እንዴ?» አላት። ስትከራከረው ደግሞ «መብራት አቃጥሎት ይሆናል» አለ። በመጨረሻ ቴክኒሻን እንልካለን ተባለ። ቴክኒሻኑ ግን አልመጣም፤ ስትደውል «ነገ» ትባላለች፣ በማግስቱም «ነገ»።

እሷም ተስፋ ቆርጣ ሰፈር ውስጥ ያለ ጠጋኝ ጠርታ ከኪሷ ከፍላ ጋዝ አስሞላች። ጥቂት ቀን ቀዝቅዞ መልሶ ተወ፤ ጋዙ የሚሾልክበት ቀዳዳ አልተደፈነማ። እንደገና ሱቁ ስትሄድ መልሱ ተዘጋጅቶ ጠበቃት፦ «ዕቃው በሌላ ሰው ተነክቷል፣ ከእንግዲህ አያገባንም።» ከሁሉ በላይ ያበሳጨኝ እሷ ራሷ ያለችው ነው፦ «ተጽፏል እኮ፣ ምን አደርጋለሁ?» ያች ወረቀት የምትጎዳው እንዲህ ነው። ሰው መብቱን ከመጠየቁ በፊት እንዲተወው ታደርገዋለች፤ ሲተወው ደግሞ ጊዜው ያልፋል፣ ማስረጃው ይበላሻል።

እንግዲህ ሕጉ ምን ይላል? በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813፣ ሸማች የገዛው ዕቃ ጉድለት ያለበት ሆኖ ካገኘው በገዛ በ15 ቀን ውስጥ እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት ሻጩን መጠየቅ እንደሚችል ይደነግጋል። ይህም ዝቅተኛው መብት ነው፤ ከዚህ የተሻለ ዋስትና፣ ውል ወይም ሌላ ሕግ ካለ እሱ እንደተጠበቀ ነው። ሌላ ሕግ ደግሞ አለ። በንጉሡ ዘመን፣ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ከአንቀጽ 2287 ጀምሮ፣ ሻጭ የሸጠው ዕቃ ከውሉ ጋር የሚስማማና ጉድለት የሌለበት ስለመሆኑ ለገዢው ዋስ እንደሚሆን ይናገራል። ስለዚህ 15 ቀን ያለፈበት ሰው ሁሉ ባዶ እጁን ቀረ ማለት አይደለም። ነገር ግን ይኸው ሕግ ከገዢውም የሚጠብቀው ነገር አለ፦ ዕቃውን እንደተረከበ መመርመር፣ ጉድለት ሲያገኝ ሳይውል ሳያድር ለሻጩ ማሳወቅ፣ ክስ የሚያስፈልግ ከሆነም ካሳወቀ በኋላ አንድ ዓመት ሳያልፍ መክሰስ።

የተረቱን እውነትም አልክድም። ጉድለት የሌለበትን ዕቃ «ቀለሙን ባለቤቴ አልወደደውም»፣ «ሌላ ቦታ በርካሽ አገኘሁት» ብሎ ለሚመልስ ሰው ሻጩ ገንዘብ እንዲመልስ አዋጁ አያስገድደውም። ፈቃዱ ከሆነ ይለውጥ፣ ካልሆነም የተሸጠው ዕቃ ተሽጧል። ለሠርግ ገዝቶ፣ ተጠቅሞ፣ ሰኞ ሊመልስ የሚመጣ ደንበኛ አለ፤ ባለሱቆች ሲያማርሩ እውነታቸውን ነው። ትንሹ ነጋዴም ከአስመጪው በጥሬ ገንዘብ የገዛው ዕቃ ቢበላሽ የሚቀበለው የለም፣ ኪሳራው እሱ ላይ ያርፋል። የፍትሐ ብሔር ሕጉም ቢሆን ገዢና ሻጭ ተስማምተው ዋስትናውን እንዲያጠቡ ይፈቅዳል፤ ሻጩ ጉድለቱን እያወቀ ከደበቀ ግን ስምምነቱ አያድነውም። ጽሑፏ ለዚህ ለዚህ ብትውል ቅር የሚለኝ አልነበረም። ቅር የሚለኝ «ሐሳብ ቀይሬ ነው» የሚለውንና «ዕቃው አይሠራም» የሚለውን ሰው በአንድ ዓረፍተ ነገር ስትመልስ ነው። ሕጉ ሁለቱን ለይቶ ያያቸዋል፣ ሻጩም መለየት አለበት።

ትንሹን ባለሱቅ ይቅር ልለው እችላለሁ። በየቅርንጫፉ የሕግ አማካሪ ቀጥረው፣ አዋጁን አንብበው፣ ያችኑ ወረቀት አስታትመው የሚለጥፉ ትልልቅ መሸጫዎችን ግን አልችልም። ዕቃው ለተበላሸበት ዘመዳቸው «ተወው፣ አይመለስም ተብሏል» እያሉ የሚመክሩ ሰዎችም ሳያስቡት ለእነዚሁ እየሠሩ ነው።

ከዚህ ቀጥሎ በብዛት የሚሰማው «መብራት አቃጥሎት ነው» የሚለው ነው። መብራታችን እንደሚዋዥቅ የማያውቅ የለም። ከ220 ቮልት በጣም ሲወርድ የፍሪጅ ሞተር መነሣት አቅቶት ይግላል፤ ሄዶ በድንገት ሲመጣም ቦርዱንና ሪሌውን ሊያቃጥል ይችላል። ስታቢላይዘር ግዙ የሚባለው ያለ ምክንያት አይደለም። ነገር ግን መብራት ያቃጠለው ዕቃ ምልክት አለው፦ ጨርሶ አይነሣም፣ የመቃጠል ሽታ አለው፣ ሲከፈት የጠቆረ ቦርድ ወይም የነደደ ጥቅል ይገኝበታል። ሞተሩ እየሠራ የማያቀዘቅዝ ፍሪጅ ሲገጥም ግን በመጀመሪያ የሚጠረጠረው ጋዙ መሾለኩ ወይም የቱቦው መደፈን ነው። ጋዝ የሚሾልከው በደንብ ካልተበየደ መገጣጠሚያ ወይም ከተሰነጠቀ ቱቦ ነው፤ ቴክኒሻን የሳሙና አረፋ ቀብቶ የሚያፈላውን ቦታ ያገኘዋል። በማጓጓዝ ጊዜ ተመትቶ እንደሆነም በዚያው ይመረመራል፤ እዚህ ላይ ዕቃውን ጭኖ ያደረሰው ማን እንደሆነ ክርክሩን ይለውጠዋል። ድንበሩ ላይ ያሉ ጉዳዮች አሉ፣ ቅን ባለሙያዎች እንኳ የሚለያዩባቸው። ዕቃውን ሳያዩ ከገንዘብ መቀበያው ማዶ ሆኖ «መብራት ነው» ማለት ግን ምርመራ አይደለም። «በጽሑፍ ስጡኝ» በሏቸው፤ ምን እንደተቃጠለ፣ ማን እንዳየው፣ መቼ እንዳየው። ብዙ ጊዜ ንግግሩ እዚያ ላይ ይለሰልሳል።

«ጋራንቲው የአስመጪው ነው፣ እኛ ዘንድ አትምጡ» የሚለውም ትክክል አይደለም። ገንዘቡን የተቀበለው ሻጩ ነው፤ የሽያጭ ውሉም ከእሱ ጋር ነው። አስመጪው ወይም አምራቹ የሚሰጠው ጋራንቲ በዚያ ላይ የሚጨመር ነው እንጂ የሻጩን ግዴታ የሚሽር አይደለም። ሻጩ ከአስመጪው ጋር የራሱን ሒሳብ ይተሳሰብ። የጋራንቲ ካርድ ስላልተሰጣችሁ መብት የላችሁም ማለትም አይደለም፤ ከላይ ያልኩት የሕግ ዋስትና ከካርድ የሚመነጭ አይደለም። ካርዱ ካለ ግን በደንብ አንብቡት፤ ሌላ ጠጋኝ ከነካው ዋስትናው ይቀራል የሚል ሁኔታ በብዙዎቹ ላይ አለ። የጎረቤቴ ጣጣ የከፋው በዚህ ነው።

«ካርቶኑን ከጣላችሁ አንቀበልም» ይባላል። አዋጁ ካርቶን አይጠይቅም። ለጥቂት ሳምንት ማቆየቱ ግን አይጎዳም።

ስለ ደረሰኝ ያለው ተረት ከገዢው ነው የሚመጣው፦ «ያለ ደረሰኝ ብትሰጠኝ ቫቱ ይቀርልኛል።» አዎ፣ የዚያን ቀን 15 በመቶ ይቀርላችሁ ይሆናል። ዕቃው በሳምንቱ ሲበላሽ ግን ከዚያ ሱቅ፣ በዚያ ቀን፣ በዚያ ዋጋ መግዛታችሁን የሚናገርላችሁ ወረቀት የለም፤ ሻጩም «ከእኔ አልገዛሽም» ለማለት ምንም አያግደውም። ደረሰኝ መስጠት የነጋዴው የሕግ ግዴታ ነው። በውድ ዕቃ ላይ ደግሞ «ፍሪጅ 1» ብቻ ብሎ የሚጽፍ ደረሰኝ አትቀበሉ፤ ሞዴሉና ሴሪያል ቁጥሩ ይጻፍበት። የስልክ ከሆነ ኮከብ፣ ፓውንድ፣ 06፣ ፓውንድ ስትደውሉ የሚመጣው የአይኤምኢአይ ቁጥር ከካርቶኑ ጋር አንድ መሆኑን እዚያው ሱቅ ውስጥ አስተያዩ። ፍሪጁንም፣ ቴሌቪዥኑንም፣ ምጣዱንም ሳታስሰኩ አትክፈሉ።

«ለአንድ ፍሪጅ ማን ይካሰሳል?» የሚለው ግማሽ እውነት አለው፤ ፍርድ ቤት ጊዜ ይወስዳል፣ ሥራ ያስፈታል። ከፍርድ ቤት በፊት ግን የወረዳና የክፍለ ከተማ ንግድ ጽሕፈት ቤት አለ። በፌዴራል ደረጃ የሸማቾች ጥበቃ ባለሥልጣኑ ሲፈርስ ሥራው ወደ ንግድና ቀጣናዊ ትስስር ሚኒስቴር ተዛውሯል። ደረሰኝና ቀን የተጻፈበት ማመልከቻ ይዞ የሚሄድ ሰው፣ በቃል «አታለሉኝ» ብሎ ከሚሄደው የተሻለ ይሰማል።

ዕቃ ገዝታችሁ የተበላሸባችሁ ካላችሁ ጠጋኝ ከመጥራታችሁ በፊት ይህን አድርጉ። ብልሽቱን በስልካችሁ ቪዲዮ ቅረጹ። ለሻጩ በጽሑፍ አሳውቁ፤ በቴሌግራም ወይም በአጭር መልእክት ብትልኩለትም ቢያንስ ቀኑ ይመዘገባል። «ይለወጥልኝ» ወይም «ገንዘቤ ይመለስልኝ» ብላችሁ በግልጽ ጻፉ። «ነገ እንልካለን» እያሉ ቢያመላልሷችሁ በትዕግሥት የምትጠብቁት እያንዳንዱ ቀን ከ15ቱ ላይ ይቀነሳል፤ ቀኑ የሚቆጠረው ዕቃውን ከገዛችሁበት ዕለት ነው።