እውነት ወይስ ተረት? የፔንታጎን ውልና የትንሹ ኩባንያ አክሲዮን

በዋሽንግተንና በሰሜን ቨርጂኒያ የሚኖር ሐበሻ እንዲህ ያለ ወሬ ሳይሰማ አይቀርም፦ «አንድ ትንሽ የሳይበር ደህንነት ኩባንያ ከፔንታጎን የ200 ሚሊዮን ዶላር ውል አሸንፏል፤ አክሲዮኑን ሳይወደድ ግዛ!» በአካባቢው ለመከላከያ ተቋራጮች በኮምፒውተር ሙያ የሚሠሩ ወገኖች ስላሉ ወሬው ከውስጥ አዋቂ የመጣ ይመስላል። (እውነት ገና ይፋ ያልሆነ የውስጥ ምስጢር ከሆነ ደግሞ በእሱ ተማምኖ አክሲዮን መግዛት ያስከስሳል።)

ተረት፦ 200 ሚሊዮን ከተባለ ኩባንያው 200 ሚሊዮን አገኘ ማለት ነው።

አይደለም። ዜናው ላይ የሚወጣው ቁጥር ብዙውን ጊዜ ጣሪያ ነው። የአሜሪካ መንግሥት አዘውትሮ በሚጠቀምበት አንድ የውል ዓይነት፣ ምን ያህል እንደሚገዛና መቼ እንደሚረከብ አስቀድሞ አይወሰንም፤ «እስከዚህ ድረስ ልገዛ እችላለሁ» ይባላል እንጂ። ገንዘብ የሚገኘው ከዚያ በኋላ በየጊዜው በሚወጡ የሥራ ትዕዛዞች ነው። ጣሪያውን በርካታ ኩባንያዎች ከተጋሩት ደግሞ ለየትዕዛዙ እንደገና ይወዳደራሉ። መንግሥትን የሚያስገድደው ዝቅተኛው ግዢ ብቻ ነው።

ያ ዝቅተኛ ግዢ ምን ያህል ሊያንስ እንደሚችል ጄዳይ የተባለው የፔንታጎን የክላውድ ውል ያሳያል። ማይክሮሶፍት በ2019 (ዓመታቱ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ሲያሸንፍ ጣሪያው 10 ቢሊዮን ዶላር ነበር፤ ዋስትና የተሰጠው ግዢ ግን 1 ሚሊዮን ብቻ። በ2021 ውሉ ተሰረዘ። ማይክሮሶፍት ሌላ ገቢ ሞልቶታል። በአንድ ውል ተስፋ ዋጋው ለተሰቀለ ትንሽ ኩባንያ ግን ነገሩ ላም አለኝ በሰማይ ይሆናል። ስለዚህ ከዜናው ይልቅ የኩባንያውን የሩብ ዓመት ሪፖርት መግለጥ ይሻላል፤ በእጁ ካለው ሥራ በጀት የተለቀቀለት ስንት ነው? ገና ያልተለቀቀለትስ?

ዋጋው በዜናው ማግስት ሲዘል ኩባንያው ራሱ አዲስ አክሲዮን አውጥቶ ሊሸጥም ይችላል። ካዝናው ይሞላል፤ የነባሩ ባለአክሲዮን ድርሻ ግን ይሳሳል።

ተረት፦ መሪው ጄኔራል ከሆነ ገበያው አይጠፋም።

ኪት አሌክሳንደር የአሜሪካን ብሔራዊ ደህንነት ኤጀንሲና የሳይበር ዕዙን የመሩ ባለአራት ኮከብ ጄኔራል ናቸው። በ2014 ጡረታ ወጥተው አይረንኔት የተባለ ኩባንያ አቋቋሙ። በዚህ መስክ ከዚህ የሚበልጥ ስም ከየት ይመጣል? ኩባንያው በ2021 ክረምት ኒውዮርክ የአክሲዮን ገበያ ገባ፤ ብዙም ሳይቆይ የአንዱ አክሲዮን ዋጋ ከ40 ዶላር አለፈ። ዓመቱ ሳያልቅ የገቢ ትንበያውን በግማሽ ያህል ቀነሰ። በ2023 ሠራተኞቹን አሰናብቶ የኪሳራ ከለላ ጠየቀ። በኪሳራ ጊዜ መጀመሪያ የሚከፈለው አበዳሪ ነው፤ ባለአክሲዮን የሰልፉ መጨረሻ ላይ ይቆማል። የጄኔራሉ ስም የብዙ ቢሮ በር ያስከፍት ይሆናል፤ የሽያጭ ትዕዛዝ ግን አይፈርምም።

ተረት፦ መንግሥት ከፋይ ስለሆነ ስጋት የለም።

ግማሹ እውነት ነው፤ ይህ ደንበኛ ከስሮ አይጠፋም። ሆኖም ኩባንያው ምንም ሳያጠፋ «ለመንግሥት አመቺነት» ተብሎ ውሉ ሊቋረጥ ይችላል። የበጀት ዓመቱ ኦክቶበር 1 ቀን ሲብት ምክር ቤቱ በጀት ካላጸደቀ ደግሞ አዳዲስ ሥራዎች በአብዛኛው ይቆማሉ። ትልቁ ተቋራጭ ይጠብቃል፤ ትንሹ እየጠበቀም ደመወዝ መክፈል አለበት።

እውነት፦ ከፔንታጎን ጋር አንድም ውል ሳይፈርሙ ከፔንታጎን መጠቀም ይቻላል።

እኔን የሚስበኝ ይሄኛው ነው። ፔንታጎን ከኖቬምበር 10 ቀን 2025 ጀምሮ በአዳዲስ ውሎቹ ላይ ተቋራጮች የሳይበር ደህንነት ደረጃ እንዲያሟሉ በየምዕራፉ መጠየቅ ጀምሯል። ምስጢር ባይባልም ጥንቃቄ የሚሻ መረጃ የሚይዝ ተቋራጭ 110 መስፈርቶች ይጠብቁታል። የመከላከያው አቅራቢዎች ከ200,000 በላይ ናቸው፤ ሁሉም 110ሩን ባይጠየቁም፣ ብሎን ቆርጦ የሚያቀርብ ወርክሾፕ እንኳ የያዘው የብሎን ንድፍ ከእነዚህ መረጃዎች ሊቆጠር ይችላል። ለእነሱ የመቆጣጠሪያ ሶፍትዌር የሚሸጥ፣ ሥርዓታቸውን የሚያዘጋጅ ወይም ፍተሻውን የሚያካሂድ ኩባንያ ሒሳቡን የሚቀበለው ከወርክሾፖቹ ነው። ከመካከላቸው አንዱ ቢሄድ ሌሎቹ ይቀራሉ፤ ስንቱ አገልግሎቱን እንዳደሰም ከሪፖርቱ ወይም ከአመራሩ ጠይቆ ማወቅ ይቻላል።