አብሽ ምን ይጠቅማል፣ ማንንስ ያሰጋል?

ቅቤ ሲነጠር ከኮረሪማና ከኮሰረት ጋር ድስት የሚገባው አብሽ፣ ቅመም ይባል እንጂ ወገኑ ከጥራጥሬ ነው፤ የባቄላና የሽምብራ ዘመድ። ስለዚህ ለውዝ ወይም ሽምብራ የማይስማማው ሰው አብሽም ሊያሳክከው፣ አልፎም ትንፋሽ ሊያሳጥረው ይችላል።

የአብሽ ጉልበት ያለው ውኃ ሲነካው በሚወጣው ዝልግልግ ነገር ውስጥ ነው። ዱቄቱ ተዘፍዝፎ ሲያድር ያብጣል፣ ሲመታም አረፋ ይሆናል። አንጀት ውስጥም እንዲሁ ወፍሮ ከምግብ የሚገኘው ስኳር ቶሎ ወደ ደም እንዳይገባ ያዘገያል። ከዚህ ሌላ ቆሽት ኢንሱሊን እንዲያመነጭ የሚያግዝ አሚኖ አሲድ አለው። በሁለተኛው ዓይነት የስኳር ሕሙማን ላይ የተደረጉ ጥናቶች የደም ስኳርን በመጠኑ እንደሚቀንስ አሳይተዋል። ብዙዎቹ ግን ጥቂት ሰዎችን ብቻ ያዩ ናቸውና «ክኒኑን ተወው፣ አብሽ ይበቃሃል» የሚል ምክር አይሰማ።

ምሬቱ እንዲለቅ ያደረውን ውኃ ደጋግሞ መድፋት፣ ከዚያም በማር ማጣፈጥ የተለመደ ነው። ለጤነኛ ሰው ግሩም መጠጥ ነው። ስኳር ላለበት ግን አብሽ የሠራውን ማሩ ያፈርሰዋልና ሳይጣፍጥ ይጠጣ። ኢንሱሊን ወይም የስኳር ክኒን የሚወስድ ሰው አብሽን በየቀኑ ሲጨምርበት ስኳሩ ከልክ በታች ሊወርድ ስለሚችል፣ አስቀድሞ ሐኪሙን ያማክር፣ እየለካም ይጠጣ። እንደ ዋርፋሪን ያለ የደም ማቅጠኛ የሚወስድም እንዲሁ፤ አብሽ ለመድማት ሊያጋልጠው ይችላል።

ነፍሰ ጡር ሴት በወጥና በቅቤ የምታገኘው አብሽ አያሳስብም። በብርጭቆ እየሞሉ መጠጣት ግን ማሕፀንን ሊያነቃቃ ይችላልና እስክትወልድ ይቆይ። ለአራስ ወተት ያበዛል ይባላል፤ ጥናቶቹ በዚህ አልተስማሙም። እናትየው ልትወልድ ስትል ከጠጣችው ግን የአብሽ ጠረን በሕፃኑ ሽንት ይወጣል። ይህ ጠረን በዘር የሚተላለፍ አንድ ከባድ በሽታ ካለበት ሕፃን ሽንት ጠረን ጋር ስለሚመሳሰል፣ ሐኪሞችን ያሳሳተበት ጊዜ አለ። አብሽ መጠጣቷን ብትነግራቸው ሕፃኑ ካላስፈላጊ ምርመራ ይድናል።

አብሽን አብቅሎ ጥሬውን መብላት ደግሞ በሌላ በኩል ያሰጋል። እ.ኤ.አ. በ2011 ጀርመን ውስጥ ከ50 በላይ ሰዎች የሞቱበት የኢ. ኮላይ ወረርሽኝ ሲመረመር፣ ዱካው ያመራው ወደ በቀለ የአብሽ ፍሬ ነበር። ፍሬው ላይ ያለ ጥቂት ጀርም ለማብቀል በሚያስፈልገው እርጥበትና ሙቀት በፍጥነት ስለሚራባ፣ የበቀለውን አብሽ በደንብ አብስሎ መብላት ይገባል።