ሞደሙ ለምን ይጮህ ነበር? ተረትና እውነታ

ኢንተርኔት በኢትዮጵያ ለሕዝብ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1997 መጀመሪያ ነው፤ መግቢያውም መደበኛው የስልክ መስመር ነበር። በዓመቱ የትግራይ ልማት ማኅበር መቐለ ዳርቻ ላይ ቃላሚኖ ልዩ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤትን ሲከፍት፣ ጄኔቭ ላይ ደግሞ ዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ቪ.90 የተባለውን የሞደም መስፈርት አጸደቀ። የያኔዎቹ ተማሪዎች ዛሬ አርባን ተሻግረዋል፤ በስልክ መስመር እየተደወለ ስለሚገባበት ኢንተርኔት፣ ስለ ዳያል አፕ፣ የሚወራው ግን አላረጀም።

ተረት፦ ያ ጩኸት ኢንተርኔቱ ሲገባ የሚሰማ ነው።
እውነታ፦ ድርድር ነው። የስልክ መስመር የተሠራው ለሰው ድምፅ፣ ከ300 እስከ 3,400 ኸርዝ ገደማ ላለው ክልል ነው፤ ሞደምም መረጃውን በዚህ ክልል ወደሚያልፍ ድምፅ ይለውጠዋል። መጀመሪያ የሚሰማው ቀጭን ድምፅ 2,100 ኸርዝ ሲሆን፣ ሁለቱ ሞደሞች እኩል ማውራት እንዲችሉ መስመሩ ላይ ያሉትን የገደል ማሚቶ ማጥፊያዎች ያሰናክላል። ቀጥሎ የትኛውን መስፈርት እንደሚችሉ ይጠያየቃሉ፤ መጨረሻ ላይ ያለው ሹሹታ የመስመሩን ጥራት ሲለኩ ነው። ከተስማሙ በኋላ ሞደሙ ድምፅ ማጉያውን ይዘጋዋል፤ ድረ ገጹም ሆነ ኢሜይሉ የሚያልፈው ከዚህ በኋላ ነው። (ኤ-ቲ-ኤም-ዜሮ የምትል አጭር ትእዛዝ ጩኸቱን ጭራሹን ታስቀረው ነበር። እኩለ ሌሊት ላይ ቤተሰብ የቀሰቀሰ ሁሉ ይህን ሲሰማ ይቆጨዋል።)

ተረት፦ 56 የተጻፈበት ሞደም 56 ይሰጣል።
እውነታ፦ ከቪ.90 በፊት የነበረው ቪ.34 ቢበዛ 33.6 ኪሎቢት በሰከንድ ያደርስ ነበር፤ ሁካታ ያለበት የድምፅ መስመር ከዚህ እምብዛም አይሻገርም። ቪ.90 ያለፈው በብልሃት ነው። የስልክ ማዞሪያ ጣቢያው ድምፅን በሰከንድ 8,000 ጊዜ እየለካ እያንዳንዱን ልኬት በ8 ቢት ይመዘግባል፤ ድምሩ 64 ኪሎቢት ይሆናል። አገልግሎት ሰጪው ከጣቢያው ጋር በዲጂታል መስመር ከተገናኘ፣ ወደ ደንበኛው የሚወርደው መረጃ ድምፅ የሚሆነው መጨረሻው ላይ ብቻ ነው። ከ8ቱ ቢት 7ቱን መጠቀም ሲቻል 56 ይገኛል። በመንገዱ ላይ አንድ ተጨማሪ ልወጣ ካለ ግን ሞደሞቹ ወደ ቪ.34 ይመለሳሉ። የሚላከው መረጃ ደግሞ በዚያው 33.6 ይወሰናል። በዚያ ላይ የሚቆጠረው ቢት እንጂ ባይት አይደለም፦ 4 ሜጋባይት የሆነች አንዲት ዘፈን፣ መስመሩ በሰመረበት ቀን እንኳ ዐሥር ደቂቃ ያህል ትፈጃለች።

ተረት፦ መቐለ ከአዲስ አበባ ስለራቀች ኢንተርኔቱ ይንቀራፈፋል።
እውነታ፦ ድምፁ አንዴ ዲጂታል ከሆነ የኪሎሜትር ብዛት አያዳክመውም። የሚጎዳው ከማዞሪያ ጣቢያው እስከ ቤት የተዘረጋው የመዳብ ሽቦ ነው፤ ርዝመቱ፣ የተቀጣጠለበት ቦታ ብዛት፣ ውሃ የገባበት መጋጠሚያ። ከከተማው ወጣ ላለ እንደ ቃላሚኖ ላለ ሰፈር ወሳኙ እስከ ጣቢያው ያለው ርቀት ነው።

ተረት፦ ሌላ ሰው ስልኩን ካነሳ ይቋረጣል።
እውነታ፦ ይህኛው ተረት አይደለም። ሽቦው አንድ ነውና፣ አንዲት «ሃሎ» ትበቃዋለች።

ተረት፦ ኢንተርኔት ቢዘጋ ዳያል አፕ ያወጣናል።
እውነታ፦ ስልኩ ካለ ብቻ። እ.ኤ.አ. በጥር 2011 ግብፅ ኢንተርኔቷን ስትዘጋ መደበኛ ስልክ ይሠራ ስለነበር፣ ኤፍዲኤን የተባለ የፈረንሳይ አገልግሎት ሰጪ ቁጥሩን አሳውቆ ግብፃውያን ፓሪስ እየደወሉ ይገቡ ነበር። በትግራይ ግን ከሰኔ 2013 ዓ.ም. መጨረሻ እስከ ታኅሣሥ 2015 ዓ.ም. የተቋረጠው ኢንተርኔቱ ብቻ ሳይሆን ስልኩም ጭምር ነበር። ቃላሚኖ ውስጥ አንድ አሮጌ ሞደም ከመሳቢያ ቢወጣ እንኳ የመደወያ ድምፅ የሚያገኝበት መስመር አልነበረም።