ስክሪን የሌለው ካሜራ ምን ያስተምራል?

እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 1 ቀን 1941፣ ከቀኑ ወደ 11 ሰዓት ገደማ፣ አሜሪካዊው ፎቶ አንሺ አንሰል አዳምስ በኒው ሜክሲኮ ግዛት ሄርናንዴዝ በምትባል መንደር አጠገብ መኪናውን እየነዳ ሲያልፍ ከመቃብር ቦታው ነጫጭ መስቀሎች በላይ ጨረቃ ወጥታ አየ። መኪናውን ዳር አስይዞ ያን ትልቅ ካሜራውን ለመትከል ተጣደፈ። ፀሐይ ልትጠልቅ ስለሆነ መስቀሎቹ ላይ ያረፈው ብርሃን ብዙ አይቆይም። የብርሃን መለኪያውን ቢፈልግ ቢፈልግ አጣው። በዚህ መሐል የጨረቃ ድምቀት ትዝ አለው፦ በካሬ ጫማ 250 ሻማ። ከዚያ ቁጥር ተነስቶ በቃሉ አሰላና በኤፍ 32 የሌንስ ክፍተት፣ ለአንድ ሴኮንድ አነሳ። ለመድገም የፊልሙን መያዣ ገልብጦ ሳይጨርስ ብርሃኑ ከመስቀሎቹ ላይ ጠፋ። ያቺ አንዲት ፎቶ በዓለም በጣም ከሚታወቁት የተፈጥሮ ፎቶግራፎች አንዷ ሆና ቀረች።

«ፎቶግራፍ መማር የፈለገ በፊልም ይጀምር፣ ዲጂታል ያሰንፋል» የሚሉ ሰዎች እንዲህ ያለውን ታሪክ ይወዱታል። ሌሎቹ ደግሞ ውጤቱ ወዲያው ስክሪን ላይ በሚታይበት ዘመን ፊልም እስኪታጠብ ሳምንት መጠበቅ ራስን መቅጣት ነው ይላሉ። ሁለቱም ወገኖች እውነት አላቸው። ነገር ግን ክርክሩ በአብዛኛው በናፍቆትና በዋጋ ዙሪያ ይሽከረከርና ዋናው ጥያቄ ሳይነሳ ያልፋል፦ ተማሪው በትክክል የሚማረው በየትኛው ቅጽበት ነው? የእኔ መልስ ውጤቱን ከማየቱ በፊት በሚገምትበት ቅጽበት ነው የሚል ነው። የፊልሙ ብርም ሆነ የዲጂታሉ ሲሊከን ከዚያ በኋላ የሚመጡ ነገሮች ናቸው።

የድሮ ካሜራ ተማሪውን ምን እንደሚያስገድደው ለማየት ፔንታክስ ኬ1000ን እንውሰድ። ከ1976 እስከ 1997 ሲመረት የኖረ፣ በብዙ አገር የፎቶግራፍ ተማሪ መለያ የነበረ ካሜራ ነው። ባትሪው የሚያገለግለው ለብርሃን መለኪያው ብቻ ስለሆነ ባትሪ ቢያልቅም ካሜራው ማንሳቱን አይተውም። ማብሪያና ማጥፊያ እንኳ የለውም፤ ባትሪው እንዳያልቅ መላው የሌንሱን ክዳን መክደን ነው። በማያው ሲያጮልቁ በስተቀኝ በኩል አንዲት ቀጭን መርፌ ትታያለች። የሌንሱን ቀለበት ወይም የሹተሩን ፍጥነት ሲያዞሩ መርፌዋ ትወጣለች፣ ትወርዳለች። መሐል ላይ ስትቆም ብርሃኑ በቂ ነው ማለት ነው። በቃ፣ ሌላ ረዳት የለም። ፊልሙ የተሠራበት የብርሃን ስሜት ካሜራው ውስጥ ከገባ በኋላ አይቀየርምና ተማሪው ከሁለት ነገሮች ጋር ይፋጠጣል፦ ሌንሱ ምን ያህል ይከፈት? ሹተሩስ ስንት ጊዜ ይቆይ? ከኤፍ 16 ወደ ኤፍ 11 ሲሄዱ ብርሃኑ እጥፍ ይሆናል፣ ከሰከንድ 1/125ኛ ወደ 1/250ኛ ሲሄዱ በግማሽ ይቀንሳል። ይህን እጥፍና ግማሽ በጣቱ ያወቀ ሰው የፎቶግራፍን ሒሳብ አብዛኛውን አወቀ ማለት ነው።

ሹተሩ ተከፍቶ ሲዘጋ ፊልሙ ላይ የሚሆነው ነገር ግን በመርፌዋ አይታይም። ፊልም በጄላቲን ውስጥ የተበተኑ ደቃቃ የብር ብሮማይድ ክሪስታሎች የተቀቡበት ፕላስቲክ ነው። ብርሃን ክሪስታሉን ሲመታ አንድ ኤሌክትሮን ይለቀቅና ክሪስታሉ ላይ ባለች ጉድለት ያለባት ነጥብ ይያዛል። የሚንቀሳቀስ የብር አዮን ወደዚያው ይሳብና ከኤሌክትሮኑ ጋር ተዋህዶ የብር አቶም ይሆናል። አንድ አቶም ብቻውን አይጸናም፣ ወዲያው ይፈርሳል። አራት ያህል ሲሰባሰቡ ግን ክሪስታሉ ብርሃን ማየቱን የሚመሰክር ምልክት ይዞ ይቀራል። ይህን ሒደት ሮናልድ ገርኒና ኔቪል ሞት የተባሉ ፊዚክስ ሊቃውንት በ1938 አብራሩት። ምልክቱ በዓይን ቀርቶ በተራ ማይክሮስኮፕም አይታይም። ፊልሙ ሲታጠብ ግን ኬሚካሉ አራቱን አቶሞች የያዘውን ክሪስታል ከዳር እስከ ዳር ወደ ብር ይለውጠዋል፤ ምልክቱ ወደ ቢሊዮን እጥፍ ያድጋል ማለት ነው።

እዚህ ላይ ከመንገዴ ትንሽ ልውጣ። ያቺ ጉድለት ያለባት ነጥብ ከየት እንደመጣች ለረጅም ጊዜ አይታወቅም ነበር። አንዱ ጄላቲን ለብርሃን ንቁ ፊልም ያወጣል፣ ሌላው ድንዙዝ። በ1920ዎቹ የኮዳክ ኬሚስት ሳሙኤል ሼፓርድ ምስጢሩ በጣም ትንሽ የድኝ ውህድ መሆኑን ደረሰበት። ጄላቲን የሚሠራው ከከብት ቆዳና አጥንት ነው፤ ድኙ የመጣው ደግሞ ከብቶቹ ከበሉት የሰናፍጭ ዘር ተክል ነበር። ከዚያ ወዲህ ፋብሪካዎች ድኙን መጥነው መጨመር ጀመሩ። እስከዚያ ድረስ የፊልም ጥራት ከብቶቹ ምን እንደጋጡ የሚወስነው ነገር ነበር።

ዲጂታሉ መንገድ አጠር ያለ ነው። በ1969 ዊላርድ ቦይልና ጆርጅ ስሚዝ በቤል ላብራቶሪ ሲሲዲ የተባለውን ብርሃን የሚመዘግብ ሲሊከን ፈለሰፉ፤ በ2009 የፊዚክስ ኖቤል ሽልማት ተጋሩበት። በ1975 ስቲቭ ሳሰን በኮዳክ የመጀመሪያውን በእጅ የሚያዝ ዲጂታል ካሜራ ሠራ። 3.6 ኪሎ ግራም የሚመዝን፣ 10,000 ፒክስል ብቻ ያለው ሳጥን ነበር፤ አንዷን ጥቁርና ነጭ ምስል በካሴት ክር ላይ ለመመዝገብ 23 ሴኮንድ ይፈጅበት ነበር። ሲሊከኑም ላይ ብርሃን ኤሌክትሮን ይለቃል። ልዩነቱ ኤሌክትሮኖቹ በየፒክስሉ ተጠራቅመው መቆጠራቸው ነው። እጥፍ ብርሃን እጥፍ ኤሌክትሮን ይሰጣል፣ ፒክስሉ እስኪሞላ ድረስ። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ብርሃን ሁሉ ሞልቶ እንደሚፈስ እንስራ ነው፤ ያ ቦታ ባዶ ነጭ ሆኖ ይቀራል፣ በኮምፒውተርም አይመለስም።

ፊልም እንዲህ በአንዴ አይሞላም። ፈርዲናንድ ኸርተርና ቬሮ ድሪፊልድ በ1890 እንዳሳዩት ብርሃኑ እየበዛ ሲሄድ የፊልሙ ምላሽ ቀስ በቀስ ይለዝባል፤ ትልልቆቹ ክሪስታሎች ቶሎ ያልቁና ትንንሾቹ ይቀራሉ። ስለዚህ ኔጋቲቭ ፊልም ብርሃን ሲበዛበት ይችላል፣ ሲያንሰው ግን ጥላው ውስጥ የሚያነበው ነገር ያጣል። ዲጂታል በተቃራኒው ጨለማውን በኋላ ማንሳት ይፈቅዳል፣ የተቃጠለውን ነጭ ግን አይምርም። ስላይድ የሚባለው ፊልም በዚህ በኩል ለዲጂታል ይቀርባል።

ይህ ልዩነት ጥር 11 ቀን ጃንሜዳ ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ጠራራ ፀሐይ ነው፣ ሕዝቡ በነጭ በነጭ ነው። ጀማሪው ነጠላ የተከናነቡ እናት ላይ ካሜራውን ያነጣጥራል። መለኪያው የሚያየው ነገር ነጭ ይሁን ጥቁር አያውቅም። ፊቱ ያለውን ሁሉ መካከለኛ ግራጫ፣ ማለትም ከሚያርፍበት ብርሃን 18 በመቶ ያህሉን የሚመልስ ነገር አድርጎ ይቆጥራል። ነጠላው ከዚያ እጅግ የበለጠ ስለሚመልስ መለኪያው ብርሃን በዛ ብሎ ይደናገጣል፣ ቀንስ ይላል። ተማሪው ከታዘዘ ነጠላው አመድማ ይሆናል፣ የእናትየዋ ጠይም ፊት ደግሞ ዓይንና አፍ የማይለይበት ጥቁር ይሆናል። በየቤታችን አልበም ውስጥ ፊታቸው የጠቆረ የክት ልብስ የለበሱ ዘመዶች ከሚበዙበት ምክንያት አንዱ ይህ ነው። ሌላም አለ፦ የቀለም ፊልም የሚያትሙ ላብራቶሪዎች ማሽናቸውን ለብዙ ዓመታት ያስተካክሉ የነበረው «ሸርሊ» በሚባል፣ የነጭ ሴት ምስል ባለበት ካርድ ነበር።

መውጫው ቀላል ነው። የእጅን መዳፍ ያው ፀሐይ ላይ ዘርግቶ ብርሃኑን ከሱ ላይ መለካትና አንድ እርከን ጨምሮ፣ ማለትም ብርሃኑን እጥፍ አድርጎ፣ መክፈት። የሰው ገጽታ ቢለያይም መዳፍ ብዙ አይለያይም። ከዚያ በኋላ ግን መንገዱ ይለያያል። ኔጋቲቭ ፊልም የያዘ ሰው ለፊቱ ሳይሰስት ብርሃን ይስጥ፣ ነጠላው ራሱን ይችላል። ዲጂታል የያዘ ሰው በመጀመሪያ የነጠላው ጥለትና ሽመና እንዳይቃጠል ይጠንቀቅ፣ ፊቱን ሮው በሚባለው ፋይል ላይ በኋላ ያንሳው። በፊልም ብቻ የሠለጠነ እጅ «ከተጠራጠርክ ጨምር» የሚለውን ልማድ ይዞ ወደ ዲጂታል ቢመጣ የጥምቀቱን ነጭ ሁሉ ያጠፋዋል። «በፊልም የጀመረ ሁሉን ይችላል» የሚለው አባባል የማይዋጥልኝ በዚህ ምክንያት ነው።

ታዲያ የፊልም ወገኖች ትክክል የሆኑት ምኑ ላይ ነው? መልሱ ከፎቶግራፍ ውጭ ከተሠሩ ጥናቶች ይገኛል። በ1984 አላን ሳልሞኒ፣ ሪቻርድ ሽሚትና ቻርልስ ዋልተር ስለ እንቅስቃሴ ትምህርት የተደረጉ ሙከራዎችን መርምረው አንድ ግራ የሚያጋባ ነገር አስተዋሉ። ከእያንዳንዱ ሙከራ በኋላ ውጤቱ የሚነገረው ተማሪ በልምምዱ ወቅት ጥሩ ይሠራል፤ ውጤት መንገሩ ሲቀር ግን አልፎ አልፎ ብቻ ሲነገረው ከነበረው ተማሪ ያንሳል። በነገሩት ላይ ተደግፎ ነበርና ድጋፉ ሲወሰድ ይወድቃል። በ1990 ስቴፋን ስዊነንና ባልደረቦቹ አንድ እርምጃ ቀጠሉ። ውጤቱ በቅጽበት የተነገራቸው ሰዎች ጥቂት ሴኮንድ ቆይቶ ከተነገራቸው ያነሰ ተማሩ። በቆይታው ውስጥ «ስንት የሳትኩ ይመስለኛል?» ብለው እንዲገምቱ የተጠየቁት ደግሞ ይበልጥ ጠቀማቸው። ሙከራዎቹ የእጅ እንቅስቃሴ እንጂ ፎቶ ስላልነበሩ እንዳለ አይገለበጡም። ቢሆንም የካሜራ ስክሪን የሚያደርገውን በደንብ ይገልጻሉ፦ ተማሪው ራሱን ሳይጠይቅ መልሱ ፊቱ ይደቀናል። አይቶ ያጠፋል፣ እንደገና ያነሳል፣ ሦስተኛው ያምርለታል፤ ለምን እንዳማረ ግን አያውቅም።

ፊልም ይህን መልስ ይከለክላል። 36 ፎቶ ብቻ ያለው ጥቅል ደግሞ ከመጫን በፊት ያሳስባል። ይሁንና ችግሩ ሳምንት ረጅም መሆኑ ነው። ኔጋቲቩ ታጥቦ ሲመጣ ተማሪው በ17ኛው ፎቶ ላይ ሌንሱን ስንት ከፍቶ እንደነበር ረስቶታል፤ ግምቱ ከሌለ የሚነጻጸር ነገር የለም። ዲጂታል ካሜራ ግን የሹተሩን ፍጥነት፣ የሌንሱን ክፍተት፣ ቀንና ሰዓቱን ሁሉ ከፎቶው ጋር ይመዘግባል። የፊልም ሰዎች ይህን መዝገብ ማጣት ምን እንደሚያስከፍል ለማወቅ ወደ አዳምስ ይመለሱ። የጨረቃን ድምቀት በቃሉ የሚያውቀው ሰው ያን ፎቶ ያነሳበትን ዓመት አያስታውስም ነበር፤ በተለያየ ጊዜ የተለያየ ዓመት ይሰጠው ነበር። ከላይ የጠቀስኩትን ቀን ያገኙት በኋላ ዘመን የጨረቃዋን አቀማመጥ ያሰሉ የሥነ ፈለክ ሰዎች ናቸው።

ስለዚህ ከየትኛው ልጀምር የሚለኝ ወጣት ቢኖር በእጁ ባለው ዲጂታል ይጀምር፣ ግን ስክሪኑን በፕላስተር ይሸፍነው እለዋለሁ። ካሜራውን ማንዋል ላይ አድርጎ የብርሃን ስሜቱን አይኤስኦ 200 ላይ ይቆልፈው። በጠራራ ፀሐይ ኤፍ 16 እና ወደ 1/200ኛ ሰከንድ፤ ስስ ደመና ሲመጣ ኤፍ 11፤ ሰማዩ ሲዳምን ኤፍ 8፤ በጥላ ኤፍ 5.6። ይህ የድሮ የፊልም ሰዎች ሕግ ሲሊከን ላይም ይሠራል። መለኪያውን ሳያይ ይገምት፣ ግምቱንና «ፊቱ ይጨልማል፣ ሰማዩ ይቃጠላል» የሚለውን ፍርዱን ማስታወሻ ላይ ይጻፍ። ማታ ፕላስተሩን አንስቶ ከመዝገቡ ጋር ያስተያይ። ስንት እርከን ሳተ? ሁልጊዜ የሚስተው ወደ አንድ ወገን ከሆነ ያ የራሱ አድልዎ ነው፤ ይታረማል። የስልክ ካሜራ ግን ለዚህ አይመችም፤ ሌንሱ በአብዛኛው አንድ ክፍተት ብቻ አለው፣ ብዙ ምስሎችን ደራርቦ ራሱ ስለሚያስተካክልም የተማሪውን ስህተት ይሸፍንበታል።

ፊልሙ ለሚያጓጓው ደግሞ ይሂድበት፤ በ2024 ፔንታክስ አዲስ የፊልም ካሜራ እስከማውጣት ደርሷል። አሮጌ የሚገዛ ሰው የሌንሱን ውስጥ ወደ ብርሃን አቅንቶ ሻጋታ መኖሩን ይመልከት። እንደ ሶቪየቱ ዜኒት ኢ ያለ፣ ግንባሩ ላይ ሴሌኒየም መለኪያ ያለው ካሜራ ከሆነ ባትሪ አያስፈልገውም፤ መለኪያው ግን በዕድሜ ስለሚደክም ከስልክ መለኪያ ጋር ያመሳክረው። ፊልሙን ከውጭ የሚመጣ ዘመድ የሚያመጣለት ከሆነ በሚጫነው ሻንጣ ውስጥ ፈጽሞ እንዳያስገባው ያስጠንቅቅ። ለብር ክሪስታል ኤክስሬይም እንደ ብርሃን ነው፣ ያጨልመዋል፤ የሻንጣ መፈተሻው ደግሞ ኃይለኛ ነው። በአንዳንድ አውሮፕላን ማረፊያዎች ለእጅ ዕቃ የገቡት አዳዲስ ሲቲ ስካነሮችም ያበላሹታል። በግልጽ ላስቲክ ይዞ ፈታሾቹን በእጅ እንዲያዩለት መጠየቅ ነው።